የኮሪያ ቅባት በኮልፌ ቀራንዮ

ከአያት ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚመጣው የከተማ ባቡር ጦር ኃይሎች ሲደርስ ሐዲዱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰፈር ለማየት የሚፈልግ ሰው ወይ በእግሩ ያዘግማል፤ ወይም «ዘነበወርቅ! አየር ጤና!» እያለ ወደሚጣራው ወያላ ቀርቦ፣ ለሦስት በተሠራው የኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ ይጓዛል። እኔም ወደማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየጧቱ የምሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ኮልፌ ቀራንዮ ለአገር ጎብኚ ታስቦ የተሠራ ሰፈር አይደለም። በአጠና ተራ በኩል ያለፈ ሰው የተላጠ የባሕር ዛፍ ሽታ በልብሱ ላይ ይዞ ይመለሳል፤ በ18 ማዞሪያ የቆመ ሰው ደግሞ የሽንኩርት ነጋዴው፣ የጫማ ጠጋኙና የታክሲው ጩኸት አንድ ላይ ሆኖ ይቀበለዋል። ክረምት ሲሆን ጭቃው፣ በጋ ሲሆን አቧራው ከሰው ጋር አብሮ ቤት ይገባል። ታሪክ የሚወድ አንባቢ ቢኖር ግን፣ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት የወታደር ትምህርት የተማሩት እዚሁ ኮልፌ በነበረው የፖሊስ ሠራዊት ሰፈር እንደ ነበር ልነግረው እችላለሁ። ለስድስት ወር የታሰበው ትምህርት ሳያልቅ ተቋርጦ ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ ከተመለሱም በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ተያዙ።

እኔ ግን ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ ጀግና ሰው አይደለም፤ ስለ ገዛ ፊቴና ስለ አንዲት የኮሪያ ቅባት ነው። «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር ይሆናል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ነገር ግን ይህች ቅባት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በታክሲ መስኮት ብቻ ያየሁትን ሰፈር በእግሬ ገብቼ እንዳውቀው ስላደረገችኝ፣ ጥቂት ታግሣችሁ እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ፊቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ወዛም ነው። እናቴ «ወዝ ያለው ፊት ቶሎ አይጨማደድም» እያለች ታጽናናኝ ነበር። በኮሌጅ ሳለሁ አልፎ አልፎ ብጉር ብቅ ከማለቱ በቀር የሚያስጨንቅ ነገር አልገጠመኝም። ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ ግን፣ የጠመኔው ብናኝ ይሁን የመንገዱ አቧራ ወይም የእንቅልፍ ማጣት፣ ወዙና ቁጣው አንድ ላይ መጣብኝ፤ ግንባሬና አፍንጫዬ ቅቤ እንደ ተቀባ ሲያብረቀርቁ፣ ጉንጮቼ ደግሞ እየቀሉ ይለበልቡኛል።

ታዲያ በአገራችን ፊቱ ለታመመ ሰው መድኃኒት የማያዝ ጎረቤት የለም። አንደኛዋ ማታ ማታ በሎሚ አሽተሽ እደሪ አለችኝ፤ ሁለተኛዋ እርድ በማር ለውሰሽ ተቀቢ አለች፤ ሦስተኛዋ ወዝን የሚቆርጠው የልብስ ሳሙና ብቻ ነው ብላ ማለችልኝ። ሁሉንም ሞከርሁ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን እንደሚያቃጥል የተማርሁት ኋላ ነው። ስለ ሳሙናው ግን የማመካኘው ነገር የለኝም። የቆዳችን ጠባይ ጥቂት ወደ ኮምጣጣነት ያደላል፤ በኬሚስትሪ መለኪያ 5 ገደማ ይሆናል፤ የተለመደው ሳሙና ግን 9ና 10 ይደርሳል። ይህን ለተማሪዎቼ በሊትመስ ወረቀት የማሳይ እኔው ነኝ፤ ፊቴን ስታጠብ ግን አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም።

በመጨረሻ ከአንድ የመዋቢያ ሱቅ፣ ስም ያልተጻፈባት ነጭ ቅባት በላስቲክ ዕቃ ገዛሁ። ባለሱቋ ከተለያዩ ቱቦዎች ራሷ የቀላቀለቻት ናት። በሦስተኛው ቀን ፊቴ ለሰለሰ፤ በሳምንቱ ብጉሩ ጠፋ፤ መልኬም ፈካ። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ዛሬ አምሮብዎታል» አሉኝ፤ እኔም አመንሁ። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አንድ ቀን ሳልቀባ ከዋልሁ ፊቴ ይግላል፤ በሁለተኛው ቀን ያብጣል፤ ስቀባው ደግሞ ተመልሶ ይበርዳል። እኔ ቅባቷን ስገዛ ቅባቷም እኔን ገዛችኝ።

በዚያ ሰሞን በክፍል ውስጥ ያደረግሁትን ብናገር ትስቁብኝ ይሆናል። ከሚገባው በላይ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመርሁ፤ የሚጽፍ አስተማሪ ጀርባው እንጂ ፊቱ አይታይምና። ጥያቄ ያለው ተማሪ እጁን ሲያወጣ ዞር ሳልል «እሺ፣ ቀጥል» እለዋለሁ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ «ቲቸር ከሰሌዳው ጋር ተጣብቀዋል» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ፤ ክፍሉም ሳቀ። እኔ ግን በዚያ ምሽት ሥራዬን ስለ መተው በጽኑ አሰብሁ።

በኅዳር ወር አንድ ሰኞ ፈቃድ ጠይቄ ዘነበወርቅ ወደሚገኘው አለርት ሆስፒታል ሄድሁ። ገና ሳይነጋ የደረሰው ሰው ብዙ ነበር። በእግሩ ቁስል ምክንያት ከገጠር የመጣ ገበሬ፣ እከክ የያዘው ሕፃን በጀርባዋ ያዘለች እናት፣ ጠጉሯ የተመለጠ ልጃገረድ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ሻሼን እስከ ዓይኔ ድረስ ስቤ ብቀመጥ፣ ከአጠገቤ የነበረችው ልጃገረድ ሻሿን ፈትታ እንደ ማራገቢያ ታራግብበታለች። እዚያ ቤት የሚሸፋፈን ሰው እኔ ብቻ ነበርሁ።

ሐኪሟ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ናት። የላስቲክ ዕቃዋን ከፍታ አየቻትና፣ ውስጧ ያለው ያለ ምርመራ በእርግጥ ባይታወቅም የፊቴ ሁኔታ ግን እንደሚናገር ነገረችኝ። «ይህ ቅባት አይደለም፤ መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም፤ ያውም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ የማይደረግ» አለች። ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት የቆዳን ቁጣ ፈጥኖ ስለሚያበርድ፣ በሐኪም እጅ ሲሆን እጅግ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ለወራት ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ደም ሥሮቹን ያሰፋል፤ ብጉር ያወጣል፤ ሲተውትም ቁጣው በርትቶ ይመለሳል። መልክ ያፈካሉ ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶችም አንዳንዶቹ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪውም በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል።

ትእዛዟ አጭር ነበር። የቀድሞውን ቅባት መተው፤ ሎሚና የልብስ ሳሙና እንዳይነካኝ፤ የሰጠችኝን መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ፤ ከፀሐይ በጃንጥላ መጠለል፤ ሽቶ የሌለው ቀለል ያለ የቆዳ ማለስለሻ ፈልጎ መቀባት። «ፊቴ እኮ በወዝ የተጨማለቀ ነው፤ ጭራሽ ልቀባው?» ብላት ሳቀች። ወዝና ውሃ አንድ አይደሉም አለችኝ፤ ቆዳ በወዝ እያብረቀረቀ ውሃ ሊጠማው ይችላል። የላይኛው ቆዳችን እንደ ግንብ ነው፤ የደረቁት ሕዋሳት ጡቡ፣ በመካከላቸው ያለው ስብ ማያያዣው። እኔ በሳሙናና በቅባት ማያያዣውን አጥቤ ስላስወጣሁት ውሃው ወደ ውጭ ይተናል፤ አቧራውና ሳሙናው ወደ ውስጥ ይገባል። ስለ ጃንጥላውም ቢሆን ቀልድ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ደግሞ በየ1 ሺህ ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱ ያታልለናል እንጂ ፀሐዩ ከቆላው የሚያንስ አይደለም።

«ከመዳንሽ በፊት ለጥቂት ሳምንታት ይብስብሻል» ያለችኝን እያሰብሁ ስወጣ ታክሲ መሳፈር አስጠላኝ። ስለዚህ ሻሼን እንደ ሳብሁ በእግሬ በሰፈሩ ውስጥ መዞር ጀመርሁ። ዘነበወርቅን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በለጋ ዕድሜያቸው ካረፉት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው። በስማቸው የተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ያኔ ከከተማው ርቆ በሜዳ ላይ የቆመ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ስፍራ አለርት ተቋቋመ፤ ይኸውም ከመላ አፍሪካ ለሚመጡ ሐኪሞችና የጤና ሠራተኞች የሥጋ ደዌን ሕክምና የሚያስተምር ማእከል ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም በአጠገቡ፣ የበሽታውን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ባገኘው በኖርዌዩ ሐኪም በአርማወር ሐንሰን ስም የተጠራው የምርምር ተቋም ተሠራ። ዛሬ አለርት ማንኛውንም የቆዳ ሕመም፣ ሌላም ብዙ በሽታ የሚያክም ትልቅ ሆስፒታል ሆኗል፤ እኔም በብጉሬና በቁጣዬ የተስተናገድሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከየጠቅላይ ግዛቱ ለሕክምና የመጡት ሰዎች ከዳኑ በኋላ ወደ አገራቸው መመለስ ከበዳቸው። ዘመድ አይቀበላቸውም፤ ጎረቤት ከማሰሮው አያጠጣቸውም። ስለዚህ በሆስፒታሉ አጥር ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፤ እርስ በርሳቸው ተጋቡ፤ ጤነኛ ልጆች ወለዱ፤ ሰፈር ሆኑ። የገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም እዚያው አጠገብ አለ። ገብረ ክርስቶስ በገድሉ እንደሚነገረው የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ ሙሽራውን ትቶ የወጣ፣ መልኩ ተለውጦ በአባቱ ደጅ ማንም ሳያውቀው እንደ ነዳይ የኖረ ጻድቅ ነው። ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ቆሼ የምንለው የከተማው ቆሻሻ ክምር አለ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች የሞቱበት ነው። ከተማው ማየት ያልፈለገውን ሁሉ ወደዚህ ይልክ ነበር። እኔም ሻሼን ስቤ የተከተልሁት ይህንኑ መንገድ ነበር።

በሳምንቱ መጨረሻ አየር ጤና አካባቢ ከሚገኝ ሱቅ አንዲት የኮሪያ ቅባት ገዛሁ። ማስታወቂያ እንዳይሆንብኝ ስሟን አልጠራም። ነጋዴው ለወዛምና ለተቆጣ ቆዳ የተሠራች ናት አለኝ፤ ሽቶ እንደሌላት በጽሑፏ አረጋገጥሁ፤ የተሠራችበትንና የሚያበቃበትን ቀን አየሁ፤ ማኅተሟ ያልተነካ መሆኑን መረመርሁ። ዋጋዋ የወር ደመወዜን ሩብ ያህል ወሰደ። በዚያ ወር እራቴ ብዙ ጊዜ ሽሮ ነበር፤ ሽሮ ለቆዳ ጎጂ ነው የሚል እስካሁን አልሰማሁም።

ብልቃጧ አረንጓዴ ናት፤ ዙሪያዋን የኮሪያ ፊደል ተጽፎባታል። የራሱ ፊደል ያለው ሕዝብ ልጅ እንደ መሆኔ፣ ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1446 ለሕዝባቸው ያወጁትን ያን ፊደል ሳይ ደስ አለኝ። ደግሞስ ኮሪያ ለእኛ ባዕድ አገር ናትን? የቃኘው ሻለቃ የመጀመሪያው ጦር በ1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሣ፤ በየተራው የሄዱት ወታደሮቻችን ከ6 ሺህ ይበልጣሉ፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት በዚያው ወደቁ። የተረፉት የጦርነቱን ወላጅ አልባ ልጆች ሰብስበው ከስንቃቸው ያበሉ ነበር። ያቺ የፈረሰች አገር ነች ዛሬ የፊት ቅባትና መዋቢያ ለዓለም የምትሸጠው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከዚህ ንግድ ያገኘችው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ማታ ማታ በብልቃጧ ላይ የተዘረዘረውን አንድ በአንድ እየፈለግሁ ማንበብ ጀመርሁ። ግሊሰሪን አለ፤ ውሃ የሚስብና የሚይዝ ነው። ሴራማይድ አለ፤ ይህ ሐኪሟ ያለችው የግንቡ ማያያዣ መሆኑ ነው። ናያሲናማይድ አለ፤ የቢ ቪታሚን ዓይነት ነው። ከሁሉ በላይ በትልቁ የተጻፈው ግን ሴንቴላ ኤሲያቲካ የምትባለው ሣር ናት። ኮሪያውያን ቢዮንግፑል ይሏታል። በእስያ ደግሞ የቆሰለ ነብር ይንከባለልባታል ስለሚባል የነብር ሣር የሚሏት አሉ፤ ነብሩን ያየ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

እዚህ ላይ ነው እንቅልፍ ያሳጣኝ። ይህች ሣር በኮሪያ ብቻ የምትበቅል መስሎኝ ነበር፤ በማዳጋስካርም ረግረግ በብዛት አለች። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዓመታት በዚያች ደሴት ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ከቅጠሏ ኤሲያቲኮሳይድ የሚባለውን ንጥረ ነገር አውጥተው መረመሩ። የመረመሩትም ለውበት ብለው አልነበረም፤ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ቁስል ይፈውስ እንደ ሆነ ለማወቅ ነበር። ለዋናው በሽታ መድኃኒትነቷ አልጸናም፤ ቁስልን በማዳን ግን ስሟ ቀረ፤ ማዳጋስካራዊው ሳይንቲስት ራኮቶ ራትሲማማንጋም ከእርሷ በተሠራው የቁስል ቅባት ይታወቃሉ። ከዚያ ሣሪቱ ወደ ኮሪያ መድኃኒት ቤት ገባች፤ ከመድኃኒት ቤትም ወደ መዋቢያ ጠረጴዛ ወጣች።

ኮሪያም ራሷ ስለ ቆዳ የምታፍርበት ታሪክ አላት። በደቡብ ጠረፏ ሶሮክዶ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። የጃፓን ገዥዎች እ.ኤ.አ. በ1916 የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አቁመውባት ሕሙማኑን ከሰው ለይተው አጎሩባት፤ ልጅ እንዳይወልዱ እስከ ማምከን ድረስ ግፍ ተሠራባቸው። ደሴቲቱን ከዋናው ምድር የሚያገናኘው ድልድይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የሰው ፊት እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ዘንድ ይህን ያህል የሚደክምባት አገር፣ እርሷም የራሷ ዘነበወርቅ ነበራት።

ቅባቷን ወዲያው ፊቴ ላይ አላደረግኋትም። አንዴ የተቃጠለ ሰው ነኝና፣ በክንዴ ውስጠኛ በኩል ለአምስት ቀን ሞከርኋት፤ ምንም አላሳከከኝም። ከዚያ በኋላ ጧትና ማታ ጀመርሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሐኪሟ እንዳለችው ክፉ ነበሩ። ፊቴ ይቀላል፤ ይላላጣል፤ ቅባቷንም ስነካው ያቃጥለኛል። «ያን ሁሉ ብር ለዚህ!» እያልሁ አለቀስሁ።

በዚህ መካከል ነው ከ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዷ በዕረፍት ሰዓት ቀርባ «ቲቸር፣ ፊትዎን ያቃጠለዎት የላስቲኳ ቅባት ናት?» ያለችኝ። ሻሿን ዝቅ አደረገች፤ ጉንጮቿ እንደ እኔው ነበሩ። የምሳ ብሯን እያጠራቀመች ከዚያው ሱቅ ነበር የምትገዛው። እኔ «አምሮብዎታል» ሲሉኝ ዝም ባልሁባቸው ሳምንታት፣ ይህች ልጅ ከእኔ አይታ መጀመሯን ስትነግረኝ የምገባበት ጠፋኝ። ቅዳሜ ወላጆቿን ለማነጋገር ወደ ቤቷ እንደምመጣ ነገርኋት። «ያሉኝ አያቴ ብቻ ናቸው፤ ቤታችንም ዘነበወርቅ ነው» አለች፤ ሁለተኛውን ቃል ስትናገር ድምፅዋ አነሰ።

አያቷ በልጅነታቸው ከጎጃም ለሕክምና የመጡ ሴት ናቸው። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ወለሉ ተጠርጎ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። ቡና ተፈልቶ የመጀመሪያውን ስኒ ራሳቸው ሊሰጡኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ጣቶቻቸው እስከ አንጓው ድረስ አጭር መሆናቸውን አየሁ። ውድ አንባቢዎች፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለቅጽበት ዓይኔን አሸሸሁ፤ እጄም ዘገየ። ስንት ሳምንት ሰው ፊቴን አየብኝ ብዬ ያለቀስሁ እኔው ነበርሁ። እርሳቸውም አዩኝ።

«አትፍሪ የኔ ልጅ» አሉ ፈገግ ብለው፤ «እኔ ከዳንሁ ካንቺ ዕድሜ ይበልጣል።»

ስኒውን ተቀበልሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ስኳር ያንሰው እንደ ሆነ ጠይቀው ነገሩን አሳለፉት።

ስለ ቅባቱ ስነግራቸው የእኔን የኮሪያ ብልቃጥ አመጣሁና አሳየኋቸው። በሁለት መዳፋቸው መካከል ይዘው አሸተቷት። «መቼ መቼ ትቀቢያለሽ?» አሉኝ። ፊቴን ታጥቤ በፎጣ ደኅና አድርጌ ካደረቅሁ በኋላ እንደ ሆነ ነገርኋቸው። «ካደረቅሽማ ምን ሊይዝ?» አሉና ወደ አልጋው ሥር አመለከቱ። አንድ የውሃ ሳፋ፣ አንድ ሸካራ ድንጋይና የቫዝሊን ዕቃ ነበር። ሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚያደነዝዝ ላብና ወዝ ይደርቃል፤ እግር ይሰነጠቃል፤ ሕመም ስለማይሰማም ስንጥቁ ቁስል ይሆናል። ጣት የሚያጥረውም ከዚህ ዓይነቱ ቁስል የተነሣ ነው። ስለዚህ በአለርት ለሕሙማኑ ያስተማሯቸው ይህ ነው፤ በየቀኑ እግርን በውሃ መዘፍዘፍ፣ የጠጠረውን ቆዳ በድንጋይ መፈግፈግ፣ ከዚያም ሳይደርቅ በእርጥቡ መቀባት። «ቅባት ውሃ የለውም የኔ ልጅ፤ ውሃውን ይከድናል እንጂ። ድስቱ ባዶ ከሆነ ክዳኑ ምን ይጠቅማል?» አሉ። ይህን በየቀኑ ሲያደርጉት ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ እግራቸው ላይ አንድ ቁስል የለም።

እኔ በኮሌጅ ስለ ትነት ፈተና ጽፌ ጥሩ ማርክ ያገኘሁ ሰው ነኝ።

የልጅቷን ነገር ሳነሣ ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ አላስፈለገም። አያቷ የላስቲክ ዕቃውን ተቀብለው ከደጃፉ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉትና «ሰኞ እኔ ራሴ ሆስፒታል እወስዳታለሁ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ» አሉ። እንዳሉትም ወሰዷት። ልጅቷ አሁን ሻሿን የምትለብሰው ሲበርዳት ብቻ ነው።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ቅባቷን ፊቴ ገና እርጥብ ሳለ ስቀባ ማቃጠሉ ቀነሰ፤ በሁለተኛው ወር መላላጡ ቆመ። ወዙ አልጠፋም፤ እኩለ ቀን ላይ አፍንጫዬ አሁንም ያብረቀርቃል። በጉንጮቼ ላይ ጥቁር ነጥቦች ቀርተዋል፤ እነርሱም ቀስ እያሉ ይደበዝዛሉ ተብያለሁ። ምስጋናው ለማን ይገባል ብትሉኝ፣ ለኮሪያዋ ቅባት ብቻ አልሰጠውም። ክፉውን ቅባት መተዌ፣ የሐኪሟ መድኃኒት፣ ጃንጥላዬና የሳፋው ምክር ተደባልቀዋል፤ ስለ ነብር ሣሯም የተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ ትናንሽ ናቸው። ሽቶ የሌለው፣ ግሊሰሪን ያለበት፣ ዋጋው ቀላል የሆነ ማለስለሻ ቢገኝ ያንኑ ሥራ ሊሠራ ይችል እንደ ነበር እገምታለሁ። ደመወዛችሁን ለማትረፍ ለምትፈልጉ ይህን መናገር ይገባኛል። ሆኖም ቅባቷ ደግ ናት፤ አልጎዳችኝም፤ ይህ ደግሞ ከቀድሞዋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር አይደለም።

በሰሌዳ ላይ የምጽፈው እንደ ድሮው አጭር ሆኗል። ከኋላ ወንበር ያለው ልጅ የሚያንሾካሹከው አሁን ስለ ፈተናው ነው።

ቅባቷ ስታልቅ ባዶዋን ብልቃጥ ልጥላት ስል ተማሪዬ አየችኝና አያቷ እንደሚፈልጓት ነገረችኝ። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ልጠጣ ስሄድ ከጀበናው አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ዙሪያዋ በኮሪያ ፊደል እንደ ተጻፈ ነው፤ ውስጧ ግን ሚጥሚጣ ሞልቶባታል። አያቷ ክዳኗን በመዳፋቸው ከፍተው «ተጠንቀቂ፣ ይህችኛዋ ታቃጥላለች» አሉኝ።